ሙዝ አፍንጫ አለው እንዴ? የነጭ ጋዝ ጭስና የመብሰል ነገር

የጭማቂ ቤቷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሳሪስ አካባቢ ከወንድሜ ጋር ትንሽ ጭማቂ ቤት አለን። ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን ሙዝ ጥሬውን ነው የምንወስደው፤ ከበሰለው ይረክሳል። ማብሰሉን ራሳችን እንሠራዋለን። ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል በሙዝ እንሞላለን፣ የነጭ ጋዝ ምድጃ እንለኩሳለን፣ በሩን በላስቲክ እንደፍናለን። በሦስተኛው ቀን ስንከፍት ቢጫ ነው። ወንድሜ ድሮ ሙዝ ማብሰያ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ነው የተማረው።

እኔ ሁሌም የሚያበስለው ሙቀቱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ነጭ ጋዝ ጠፋና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባን። ክፍሉ ሞቀ። በሦስተኛው ቀን ሙዙ ያው ሣር የመሰለ አረንጓዴ። ስለዚህ ሥራው የጭሱ ነው ማለት ነው። ወንድሜን ስጠይቀው «ጭሱ ያስደነግጠዋል» አለኝ። ሙዝ ይደነግጣል? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሬን አውጥቼ ባየው «ኤቲሊን የተባለው ሆርሞን ፍሬን ያበስላል» የሚል አንድ መስመር ብቻ አገኘሁ። አፍንጫ የለው፣ ጆሮ የለው፣ ፍሬው ጋዝ መምጣቱን በምን ያውቃል?

ሌላም አለ። አያቴ አቮካዶ የምታበስለው ጤፍ ውስጥ ቀብራ ነው። እዚያ ምን ጭስ አለ?

የመጨረሻው ደግሞ ኪሳችንን የነካው ነው። ባለፈው ሳምንት ያወጣነው ሙዝ ውስጡ ገንፎ ሆኖ ልጣጩ አረንጓዴ ቀረ። ለጭማቂ ፈጭተን ጨረስነው እንጂ አንድም ደንበኛ እጁን አልዘረጋበትም። የምታውቁ ካላችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

ሸገር ልጅ፦

እኔም እዚያች ክፍል ውስጥ በነጭ ጋዝ ጭስ ሦስት ቀን ቢዘጋብኝ ቢጫ እሆናለሁ። ምርምር አያስፈልገውም።

አተር በጨለማ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። የላይኛውም ቀልድ ቁም ነገር አለበት፤ እመለስበታለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በባዮሎጂ ላብራቶሪ ረዳትነት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስሜን ያየ ይገርመው ይሆናል፤ ከአተር ነው የመጣው። ለተማሪዎች ስለ ኤቲሊን የምናሳይበት የጋዝ ሲሊንደር አልነበረንም። ስለዚህ ሁለት ብልቃጥ ወስደን በሁለቱም እርጥብ ጥጥ ላይ አተር እንዘራለን። በአንደኛው የበሰለ ሙዝ ቁራጭ እናስገባለን። ሁለቱንም ከድነን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ጨለማ ላይ እናስቀምጣለን። ከሳምንት በኋላ ሙዝ የሌለበት አተር ቀጥ ብሎ ይረዝማል፤ ገርጥቶ፣ ቀጥኖ። ከሙዝ ጋር የከረመው አጭር፣ ወፍራምና ወደ ጎን የተጋደመ ሆኖ ይወጣል። ሙዙና አተሩ አይነካኩም። በመካከላቸው ያለው አየር ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ክዳኑን ሲከፍቱ ፊታቸውን ማየት ከደመወዜ ይበልጥብኝ ነበር። (ደመወዙም ትንሽ ነበር።)

ይህንኑ ነገር በ1901 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዲሚትሪ ኔሊዩቦቭ የሚባል ወጣት በሴንት ፒተርስበርግ አይቶታል። ክፍሉ ውስጥ የሚያበቅለው አተር ይጋደማል፣ ውጭ ሲወስደው ይቃናል። በጊዜው መብራት በጋዝ ነበር። ከሚያፈስሰው ጋዝ ውስጥ ጥፋተኛውን ፈልጎ ኤቲሊን ላይ ደረሰ። ከዚያ በፊትም በጀርመን ከተሞች የመንገድ መብራት ጋዝ የሚያፈስስበት አካባቢ ያሉ ዛፎች ቅጠላቸውን ያለ ጊዜው ያራግፉ ነበር።

አሁን ወደ ክፍልሽ። ነጭ ጋዝ በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ኤቲሊን ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሙቀት እንጂ ኤቲሊን አይሰጥም። ለዚህ ነው አረንጓዴ የቀረው። የአያትሽ አቮካዶ ደግሞ ኤቲሊኑን ራሱ ይሠራል። ጤፉ የሚያደርገው ጋዙ እንዳይበተን አፍኖ መያዝ ነው። አያትሽ የጋዝ ክፍል ሠርተዋል፤ ግድግዳው ጤፍ ሆነ እንጂ።

«በምን ያውቃል» ላልሽው ፍሬው አፍንጫ የለውም፣ ተቀባይ ግን አለው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች ናቸው። ኤቲሊን ትንሽ ጋዝ ስለሆነ ልጣጩንም ሽፋኑንም አልፎ ይገባል። ተቀባዩ የመዳብ አቶም ይዟል። ኤቲሊን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ሁላችንም የምናስበው ተቀባዩ ተኝቶ ሲጠብቅ ኤቲሊን መጥቶ ቀስቅሶት «አብስል» ብሎ የሚያዘው ነው። ነገሩ ግልባጩ ነው። ተቀባዩ ሥራ ላይ የሚሆነው ኤቲሊን በሌለበት ጊዜ ነው። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ አስቢው። ነቅቶ እስካለ ድረስ «ገና ነው፣ አይገባም» ይላል። ሲቲአር1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን አብሮት ይሠራል፤ ሁለቱ ሆነው የመብሰሉን መልእክት ያፍናሉ። ኤቲሊን መጥቶ ሲያርፍበት ዘበኛው ይተኛል፣ ሲቲአር1ም ዝም ይላል። ያን ጊዜ ኢአይኤን2 የተባለው ፕሮቲን ይቆረጥና ቁራጩ ወደ ኒውክለስ ይሄዳል። እዚያ የመብሰል ጂኖች ይከፈታሉ፤ ስታርቹ ስኳር ይሆናል፣ የሴሎቹ ግድግዳ ይላላል፣ አረንጓዴው ይጠፋል። ሙዙ ራሱም ኤቲሊን ማምረት ይጀምራል፣ የጎረቤቱንም ዘበኛ ያስተኛል። አንድ ሙዝ ካርቶኑን ሙሉ ይዞ የሚሄደው በዚህ ነው።

ማስረጃው የመጣው አራቢዶፕሲስ ከሚባል ከጎመን ዘር ከሆነ ትንሽ አረም ነው። በ1988 ኤቲሊን ውስጥ በጨለማ በቅሎ ምንም ያልመሰለው፣ ቀጥ ብሎ የረዘመ ችግኝ ተገኘ። ከሌሎቹ አጫጭሮች መሀል አንገቱን አውጥቶ ቆሟል። የተበላሸው ጂን በ1993 ተለየ፤ ኢቲአር1 ይባላል። የአንድ ተክል ሆርሞን ተቀባይ በዚህ ደረጃ ሲታወቅ የመጀመሪያው እሱ ነበር። አረሟ እንዲህ ዓይነት ዘበኛ አምስት አላት። አንዱ መተኛት የማይችል ከሆነ በሩ ዝግ ነው፤ ያ ችግኝ እንደዚያ ነበር። በ1998 ደግሞ ተመራማሪዎች ከአምስቱ ሦስቱን፣ ከዚያም አራቱን ጨርሰው አጠፉ። ዘበኛ ከሌለ በሩ ዝግ ይቀራል ወይስ ይከፈታል? ተከፈተ። ችግኞቹ ኤቲሊን በሌለበት አየር ውስጥ ኤቲሊን እንዳለ ሆነው አጠሩ። ያኔ ነው ተቀባዩ ከልካይ መሆኑ የተረጋገጠው።

ውስጡ ገንፎ ልጣጩ አረንጓዴ ስለሆነው፦ ክፍልሽ በጣም ሞቆ ነበር። ይህ የሙዝ ዘር በሙቀት ሲበስል፣ በተለይ ከ25 ዲግሪ ካለፈ፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ የልጣጩ አረንጓዴ ግን በደንብ አይጠፋም። ኤቲሊኑ አልጎደለም፤ የጎደለው ቅዝቃዜ ነው። በደንብ የተሠራ ማብሰያ ክፍል ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ነው የሚይዘው። ኤቲሊኑም በሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 100 ያህል እጅ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይበቃዋል። ብዙ ጭስ ብዙ ማብሰል አይደለም። እንዲያውም ታፍኖ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኤቲሊንን ሥራ ያውካል፤ ለዚህ ነው አልፎ አልፎ አየር የሚቀይሩት።

ወደ ሸገር ልጅ ቀልድ ልመለስ። ሳይነድ ከሚጨስ ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ሰው ግን ይገድላል። ወንድምሽ በሩን ከፍቶ ወዲያው እንዳይገባ ንገሪው።

የጭማቂ ቤቷ፦

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ባለፈው ክረምት እዚያው በር ላይ ዞሮበት ቁጭ ብሎ ነበር። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ብሎኝ አለፈ። አሁን ጽሑፎትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም አለ። ዝም ካለ ገብቶታል።

አንድ ነገር ግን። ካርባይድ የሚጠቀሙ አሉ፤ እሱስ?

አተር በጨለማ፦

ካርባይድ ውሃ ሲነካው የሚወጣው አሴቲሊን ነው። ቅርጹ ኤቲሊንን ስለሚመስል እዚያው መዳብ ላይ ያርፋል። ግን ደካማ አስመሳይ ነው፤ ብዙ ይፈልጋል። የገበያው ካርባይድ ደግሞ አርሴኒክና ፎስፈረስ ያለበት ነው። ምግብ አጠገብ አታድርሺው።

ጽጌረዳ ከባቱ፦

እኔ አበባ እርሻ ላይ ድኅረ ምርት ክፍል ነው የምሠራው። የአባባን ዘበኛ ሳነብ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እኛ ቀኑን ሙሉ የምንሠራው ዘበኛው እንዳይተኛ ማድረግ ነውና።

አበባ ለኤቲሊን ፍሬ ከሆነው ባልተናነሰ ስስ ነው። ሁሉም ጽጌረዳ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ዝርያ ግድም አይሰጠው፣ አንዳንዱ ትንሽ ጋዝ ሲሸተው ቅጠሉን ያረግፋል። የእኛ አበባ ማታ ተጭኖ በአውሮፕላን ሆላንድ ይገባል። ቀዝቃዛው ክፍል አጠገብ የቆመ መኪና ሞተሩን ካላጠፋ አለቃዬ ይጮሃል፤ የመኪና ጭስም ኤቲሊን አለበት። ምሳ ዕቃችን ውስጥ ሙዝ ይዘን ወደ ማሸጊያ መግባትም ክልክል ነው። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ሲነገረው ይቀልዱብኛል ብሎ ያስባል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ብር ነው፤ አዎ፣ የጌጡ ብር፣ በውሃ የሚሟሟው ዓይነት። መዳቧ የነበረችበት ቦታ ይገባል። ኤቲሊን ብሩም ላይ ያርፋል፣ ዘበኛው ግን አይተኛም። እኔ ለጓደኞቼ «ዘበኛው ጫት ቅሞ ነው» እላቸዋለሁ። ብር ከባድ ብረት ስለሆነ አወጋገዱ ራስ ምታት ነው፤ ለሚበላ ነገርም አይሆንም። ሁለተኛው ዋን-ኤምሲፒ የሚባል ጋዝ ነው። ኤቲሊን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፣ ይዞም በቀላሉ አይለቅም። ውጭ አገር ፖም ለወራት የሚያቆዩት በእሱ ነው።

ታዲያ ፖሙ ለምን ለዘላለም አይቀመጥም? ሴሉ አዳዲስ ተቀባይ እየሠራ ስለሚያስገባ ነው። አዲሶቹ ዘበኞች አልተያዙም፣ ስለዚህ ይተኛሉ።

የገበሬ ልጅ፣ አርሲ፦

ይህ የዘበኛ ነገር ለእኛም ይሠራል ወይ ብዬ ነው የገባሁት። አባቴ ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባል የአረም መድኃኒት ይረጫል። ቅጠለ ሰፊው አረም ይጠማዘዛል፣ ግንዱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይሞታል። ስንዴው ምንም አይሆንም። ግብርና የተማረ የአጎቴ ልጅ «ሆርሞን ነው የሚገድለው» አለኝ። ሆርሞን ያሳድጋል እንጂ ይገድላል?

አተር በጨለማ፦

ያሳድገዋል፤ እስኪሞት ድረስ። የአጎትህ ልጅ ልክ ነው።

ቱ ፎር ዲ ኦክሲን የሚባለውን ሆርሞን የሚመስል ሰው ሠራሽ ነገር ነው። ኦክሲን ግንድን የሚያስረዝም፣ ሥርን የሚያወጣ፣ ተክሉን ወደ ብርሃን የሚያዘነብል ነው። እዚህ ግን የዘበኛውን ታሪክ ትንሽ እንቀይረው። በኤቲሊን ጊዜ ተቀባዩ ራሱ ነበር ዘበኛው። በኦክሲን ጊዜ ዘበኛው ሌላ ነው፤ ጂኖቹ ላይ ተቀምጦ የሚያፍን ፕሮቲን። ቲአይአር1 የተባለው ተቀባይ ደግሞ ዘበኛውን የሚያስባርረው ነው። ለብቻው ሲሆን ዘበኛውን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ኦክሲን በሁለቱ መሀል ገብቶ እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ከተያዘ በኋላ በዘበኛው ላይ «ይወገድ» የሚል ምልክት ይለጠፋል፣ ሴሉም ይፈጨዋል። ጂኖቹ ነፃ ይሆናሉ። ቲአይአር1 የኦክሲን ተቀባይ መሆኑ የታወቀው በ2005 ነው፤ ሆርሞኑ ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ሰባ ዓመት ያህል ደብዳቤው እንጂ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር ማለት ነው።

ተክሉ የራሱን ኦክሲን ሲበዛበት ያጠፋዋል። ቱ ፎር ዲን ግን ቅጠለ ሰፊው አረም ቶሎ ማፍረስ አይችልም። ዘበኛ ሁሉ ይባረራል፣ እድገቱ ቅጥ ያጣል፣ የያዘው ኤቲሊንም ይጨምራል። መጠማዘዙ ከዚያ ነው። ስንዴና ጤፍ የሣር ወገን ናቸው፤ መድኃኒቱን ወደማይጎዳ ነገር ይቀይሩታል፣ በግንዳቸው ውስጥም እንደ አረሙ አይዘዋወርም። ለአባትህ ግን ይህን ንገራቸው፦ ነፋስ ባለበት ቀን የጎረቤት ባቄላ አጠገብ አይርጩ። ባቄላው ቅጠለ ሰፊ ነው፣ አረም መሆን አለመሆኑን መድኃኒቱ አይጠይቅም።

ስንዴ ካነሳህ ደግሞ አላልፈውም። ማሳችሁ ላይ ያለው አጭሩ ስንዴ ነው አይደል? አጭር የሆነው በዘበኛ ጉዳይ ነው። ጂበረሊን የሚባል ሌላ የማስረዘሚያ ሆርሞን አለ። ተቀባዩ ጂአይዲ1 ይባላል፤ እሱም በ2005 በጃፓን ከሩዝ ተገኘ። እንደ ኦክሲኑ ጂበረሊን ሲመጣ ተቀባዩ ዴላ የተባለውን ዘበኛ ይይዘዋል፣ ያስባርረዋል፣ ግንዱ ይረዝማል። የአጭሩ ስንዴ ዴላ ግን ተቀባዩ የሚይዘውን ጫፍ አጥቷል። መያዣ የሌለው ዘበኛ በሉት። ጂበረሊን ቢፈስስ አይባረርም። ግንዱ አጭር ይቀራል፣ ማዳበሪያ በልቶ ፍሬው ሲከብድ አይወድቅም። ኖርማን ቦርሎግ ከጃፓኑ ኖሪን 10 የወረሰውን ይህን አጭርነት ይዞ ነው ሜክሲኮ ላይ የሠራው፤ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘበት። ዘበኛው ፕሮቲን መሆኑን ግን ማንም አያውቅም ነበር። ማሳ ላይ አይተው ነው የመረጡት።

የገበሬ ልጅ፣ አርሲ፦

አባቴ የድሮውን ረጅሙን ስንዴ ነው የሚናፍቀው፤ ለጎጆ ክዳን ይሆን ነበር ይላል። ግን ስንዴው እየተኛበት ሲያለቅስ የነበረውንም ራሱ ነው የሚያወራው።

ማስተር ሦስተኛ ዓመት፦

ሰላም። አቀራረቡን ወድጄዋለሁ፤ አንድ እርማት ብቻ። ሁሉም የተክል ሆርሞን በዘበኛ ማባረር አይሠራም። ሳይቶካይኒን የሚባለው፣ ሴል እንዲከፋፈል የሚያደርገው፣ ተቀባዩ ሆርሞኑን ሲይዝ ነው የሚነቃው። መልእክቱንም ፎስፌት ከእጅ ወደ እጅ በማቀበል ወደ ኒውክለስ ያደርሳል። የኤቲሊን ተቀባይ ራሱ ከዚያው ቤተሰብ የመጣ ነው፤ ዘመዳሞች ሆነው ግን ሥራቸው ተቃራኒ። ስለዚህ «ተክል ሁሉ ዘበኛ ነው» ብላችሁ ፈተና ላይ እንዳትጽፉ።

አተር በጨለማ፦

ትክክል ነህ። ጡረተኛ አንዴ ምሳሌ ካገኘ ይነዳዋል። የማስተርስ ሦስተኛ ዓመት መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

ማስተር ሦስተኛ ዓመት፦

አባባ፣ ቁስሌን ነኩት።

የጭማቂ ቤቷ፦

ተመልሻለሁ፤ ሞክሬው ነው የመጣሁት። ሁለት ካርቶን ወሰድኩ። ሁለቱም ላይ ከአንድ ግንድ የተቆረጠ ጥሬ ሙዝ አደረግኩ። በአንደኛው ሦስት በደንብ የበሰሉ ሙዞችና አንድ የበሰለ አቮካዶ ጨመርኩ። ሁለቱንም በብርድ ልብስ ሸፍኜ ባንኮኒው ሥር፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ለአፍታ እየከፈትኩ አየር አስቀየርኩ።

በአራተኛው ቀን የበሰለ ያለበት ካርቶን ወጥ ቢጫ ሆነ፤ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ አረንጓዴ። ውስጡ ጠንከር ያለ፣ ጣፋጭ። ጥላሸት የለ፣ ሽታ የለ። ሌላኛው ካርቶን እንዳስገባሁት ነበር። ወንድሜ ሁለቱን እያገላበጠ ቆየና «እና ምድጃውን ልሽጠው?» አለኝ። ለብዙ ሙዝ ካርቶን እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ግን ለእኛ ቤት የሳምንት ፍጆታ ይበቃል።

እሱ አሁን ሌላ ጥያቄ ይዟል። አናናስም በዚሁ መንገድ እናብስል ይላል። አንድ ጥሬ አናናስ ከሙዝ ጋር ዘግቼ ስምንት ቀን አስቀመጥኩ። ልጣጩ ቢጫ ሆነ፤ ስቆርጠው ግን ያው ጎምዛዛ። የአናናስ ዘበኛ ምን ነክቶት ነው?

አተር በጨለማ፦

ዘበኛውማ ተኝቷል፤ ልጣጩ ቢጫ የሆነው ለዚያ ነው። ችግሩ ከበሩ ጀርባ የሚወጣ ነገር አለመኖሩ ነው። ሙዝ ከእናቱ ሲቆረጥ ስታርች በሆዱ ይዞ ነው። አናናስ እንደዚያ የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም፤ ስኳሩ ከተክሉ ነው የሚመጣለት። ከተቆረጠ በኋላ የምታገኚው ቀለም ብቻ ነው። ብርቱካንም እንዲሁ።

ጭሱና አናናስ ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። በፖርቱጋል አዞረስ ደሴቶች አናናስ በመስታወት ቤት ያለማሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ተክሉ ገና ፍሬ ሳይዝ ቤቱን በጭስ ይሞሉታል። አናናሱም ያብባል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ጋዙ ያው ነው፤ ሙዝ ላይ ሲደርስ ያበስላል፣ አተር ላይ ሲደርስ ያሳጥራል፣ ጽጌረዳ ላይ ሲደርስ ያረግፋል፣ አናናስ ላይ ሲደርስ አበባ ያስወጣል። ምድጃውን የሚገዛ ካገኛችሁ ሽጡት።